ሲያስልሽ ሽንት ካመለጠሽ፦ ጡንቻውን እንዴት አግኝተሽ እንደምታሠሪው

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሱሪ ብቻ ነው የለበስኩት። ምክንያቱን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ሳስነጥስ ሽንት ያመልጠኝ ነበር። ልጄን ብድግ ሳደርግ ያመልጠኝ ነበር። ሠርግ ቤት እስክስታው ሲሞቅ ሰሃን ላነሳሳ ብዬ ጓዳ እገባለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስግደት ሲደርስ ከኋላ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ፣ ቀስ በቀስ መሄዱንም ተውኩት። አንድ ቀን ደፍሬ ክሊኒክ ገብቼ ስናገር "ወልደሻል እኮ፣ ያለ ነገር ነው" ተባልኩና ተመለስኩ።

ብዙ ሴት ላይ ያለ ነገር መሆኑ እውነት ነው። ግን ይታከማል። የመጀመሪያው ሕክምናም ኦፕራሲዮን ወይም ክኒን ሳይሆን የጡንቻ ሥልጠና ነው። ይህን የነገረችኝ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። እሷ ያስተማረችኝን፣ በኋላም እያነበብኩ ያረጋገጥኩትን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የምጽፍልሽ።

እንቅስቃሴው አዲስ አይደለም። አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም በ1948 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል፣ "ኬግል" ሲባል ሰምተሽ ከሆነ ይኸው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ14 አገሮች 31 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትልቅ ግምገማ ወጥቷል። በሳልና በማስነጠስ ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል ሥልጠናውን ከወሰዱት ከ100 ወደ 56ቱ ድነናል ብለዋል። ካልወሰዱት ግን ከ100 6ቱ ብቻ።

ታዲያ ለምንድን ነው ብዙዎቻችን "ሞክሬው ምንም አልሠራልኝም" የምንለው? እኔም ብዬ ነበር። አንድም የምናሠራው ሌላ ጡንቻ ነው፣ አንድም በሦስተኛው ሳምንት እንተወዋለን። ስለዚህ ጡንቻውን ስለማግኘት የጻፍኩትን ክፍል አትዝለዪው፣ ረዘም ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ማየት ያለብሽ መቼ ነው?

ሽንቱ ቀንም ሌሊትም ሳይቋረጥ የሚፈስ ከሆነ፣ በተለይ ከረጅምና ከአስቸጋሪ ምጥ በኋላ የጀመረ ከሆነ፣ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ፊስቱላ በፊኛና በብልት መካከል የተከፈተ ቀዳዳ ነው። እሱን እንቅስቃሴ አይዘጋውም፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚጠገነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ሕክምናውን በነፃ ይሰጣል፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ላይም ማዕከላት አሉት። ቀዳዳው ከተጠገነ በኋላም አንዳንዷ ሴት ስታስል ያመልጣታል። ያኔ ሐኪሟ ሲፈቅድላት ይህ ሥልጠና ለእሷም ይሆናል።

ሽንትሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ሲወጣ የሚያቃጥልሽና ትኩሳት ያለሽ ከሆነ፣ ወይም ከብልትሽ ወደ ውጭ የሚወርድ እብጠት ከተሰማሽ ሐኪም ይይሽ። ውኃ ጥሙ አላስቆም አላስቀምጥ እያለሽ ሽንቱም ከበዛ ስኳር መመርመር አለብሽ። በጭኖችሽ መካከል ከደነዘዘሽ፣ እግርሽ ከዛለ፣ ወይም ጭራሽ መሽናት ካቃተሽ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ እስከ ነገ አታሳድሪው።

አንድ ነገር ልጨምር። በግንኙነት ጊዜ ወይም ምርመራ ሲደረግልሽ በጣም የሚያምሽ ከሆነ ጡንቻሽ የደከመ ሳይሆን ከልክ በላይ የጠበቀ ሊሆን ይችላል። እሱን ጭራሽ ማጥበቅ ያብሰዋል። አንቺ መጀመሪያ መልቀቅን ነው የምትማሪው፣ ያንን ደግሞ ከባለሙያ ጋር።

የትኛው እንደሆነ ለዪ

የሚያመልጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሆድ ውስጥ ግፊት ሲጨምር ነው፦ ሲያስልሽ፣ ሲያስነጥስሽ፣ ስትስቂ፣ ጀሪካን ስታነሺ፣ ስትዘዪ። ባለሙያዎቹ "ስትረስ" ይሉታል። ከሐሳብና ከጭንቀት ጋር ግን አይገናኝም፣ ጫና ለማለት ነው። ሁለተኛው በድንገት የሚያጣድፈው ነው፦ ምንም ሳይሰማሽ ቆይቶ ባንዴ ይመጣል፣ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ሳትደርሺ ያመልጥሻል። ቁልፉን በር ላይ ስትከቺ ወይም የቧንቧ ውኃ ድምፅ ስትሰሚ የሚመጣው እሱ ነው። ሁለቱም ያለባት ሴት ብዙ ናት። እኔም ሁለቱም ነበረብኝ፣ ያወቅኩት ግን ስጽፈው ነው።

ስለዚህ ጻፊ። ሦስት ቀን ይበቃል። ደብተር ላይ ሰዓቱን፣ የጠጣሽውን፣ የሸናሽውን መጠን፣ ካመለጠሽ ደግሞ ያኔ ምን እያደረግሽ እንደነበር አስፍሪ። መጠኑን ለመለካት ባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ከአንገቱ በታች ቁረጪ። የልጅ ሽሮፕ መለኪያ ወይም ሲሪንጅ ይዘሽ በየ100 ሚሊ ሊትሩ በማርከር መስመር አድርጊበት። ለሌላ ነገር እንዳይውል ለይተሽ አስቀምጪው።

የአዋቂ ፊኛ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ቀን ላይ ከ6 እስከ 8 ጊዜ መሽናት የተለመደ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ቢበዛ አንዴ መነሳት። ደብተርሽ ላይ 80፣ 100፣ 90 እያለ 15 ጊዜ ከተጻፈ ፊኛሽ ሳይሞላ እየጠራሽ ነው ማለት ነው። ያንቺ ዋና ሥራ ከታች "ሲያጣድፍሽ" ያልኩት ክፍል ላይ ነው። መጠኑ ደህና ሆኖ የሚያመልጠው በሳልና በሸክም ከሆነ ደግሞ የጡንቻው ክፍል ላይ በርቺ። ደብተሩን አትጣዪው፣ ከሦስት ወር በኋላ ትፈልጊዋለሽ።

ጡንቻውን ማግኘት

የዳሌ ወለል ጡንቻ ይባላል። ከፊት ካለው የብልት አጥንት ተነስቶ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ ከታች ተዘርግቷል። ፊኛውን፣ ማህፀኑንና ፊንጢጣውን የሚሸከመው እሱ ነው። በእርግዝና ይለጠጣል፣ በምጥ ይጎዳል፣ ከዚያ ዕድሜ አለ፣ ውፍረት አለ፣ የቆየ ሳል አለ፣ ለዓመታት የተሸከምነው ውኃና እንጨት አለ። የማይታይ ስለሆነ ማሠራቱ ይከብዳል። ክንድ ቢሆን ዓይተሽ ታጥፊዋለሽ፣ ይኼ ግን በስሜት ብቻ ነው የሚገኘው።

በሩን ቆልፊ፣ ስልኩን አርቂ። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ የእግርሽ መዳፍ ፍራሹን ይርገጥ። ምንጣፍ ወይም ሰሌን ላይም ይሆናል። መጀመሪያ ምንም አትሳቢ። ሆድሽን ልቀቂው፣ መቀመጫሽን ልቀቂው፣ አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ ተንፍሺ። አየር ስታስገቢ ሆድሽ ከፍ ሲል ከታችም ዝቅ፣ ለቀቅ የሚል ነገር ይሰማሻል። ያ ልቅ ሲሆን የሚሰማሽ ስሜት ነው፣ ያዢው፣ ከእያንዳንዱ መሳብ በኋላ ወደዚያ ነው የምትመለሺው።

አሁን ሰው መሀል ተቀምጠሽ ፈስ እንዳያመልጥሽ የምትይዢውን ዓይነት አድርጊ። ለቃሉ ይቅርታ፣ ከዚህ የሚሻል መግለጫ ግን አላገኘሁም። ፊንጢጣሽ ዙሪያው ጠበብ ብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ይሰማሻል። እሱን ሳትለቂ ወደ ፊት አምጪው፣ የጀመረ ሽንት ልታቋርጪ ስትዪ እንደምታደርጊው። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ላይ፣ ወደ እምብርትሽ አቅጣጫ ሳቢ። የከረጢት አፍ ገመዱ ሲሳብ እንደሚሰበሰበው ነው፦ ይጠባል፣ ከዚያ ከፍ ይላል። አሁን ልቀቂ። ሲወርድ ተሰማሽ? ሲወርድ ካልተሰማሽ ምናልባት አልወጣም ነበር።

ልክ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? መስታወት ያዢና ተመልከቺ፦ ስትስቢ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ወደ ውጭ ወደ አንቺ ከተገፋ እያማጥሽ ነው፣ አቁሚ። ወይም እጅሽን ታጥበሽ ጣትሽን እዚያው መካከል ላይ አሳርፊ፣ ስትስቢ ከጣትሽ መሸሽ አለበት። ከፈለግሽ አንድ ጣት ወደ ብልትሽ አስገቢ፣ ጣትሽን ዙሪያውን ሲጨብጠውና ወደ ውስጥ ሲስበው ይሰማሻል። ያፍረኛል ካልሽ መስታወቱ ይበቃል። የራስሽ ገላ ነው ግን፣ ብታውቂው ነውር የለውም።

ሌላኛው እጅሽ ሆድሽ ላይ ይሁን። ከእምብርት በታች ትንሽ መሰብሰብ ችግር የለውም፣ ሆዱ በሙሉ ድንጋይ ከሆነ ግን ተሳስተሻል። መቀመጫሽ ከተጨበጠ፣ ጭኖችሽ ከተጠጋጉ፣ ትንፋሽሽን ከያዝሽ፣ ፊትሽ ከቀላ ተሳስተሻል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ መቀመጫዬን ነው ያሠራሁት! በኋላ ባለሙያዋ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ አለችኝ። እየተናገርሽ ትንፋሽ መያዝ አይቻልም። አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

ሽንት እየሸናሽ እያቋረጥሽ መለማመድ የሚባለውን ተዪው። ጡንቻው የት እንዳለ ለማወቅ አንዴ ብትሞክሪው ምንም አይደለም። ልማድ ካደረግሽው ግን ፊኛው በደንብ ሳይወጣለት ይቀራል።

ሁለት ሦስት ቀን በዚህ ብቻ ቆዪ። ምንም ካልተሰማሽ ጎንሽን ተኝተሽ ወይም ዳሌሽ ሥር ትራስ አድርገሽ ሞክሪ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም ካልተገኘ ጡንቻው በጣም ደክሞ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለብቻሽ ከምትታገዪ ባለሙያ ትይሽ።

ያንቺን ቁጥር አውጪ

ኢንተርኔት ላይ ሁሉም 10 ሰከንድ ያዢ ይላል። አብዛኞቻችን መጀመሪያ 10 ሰከንድ አንይዝም። ስለዚህ ለኪ። ሳቢ፣ ያዢ፣ ሰዓት እያየሽ ቁጠሪ። ሳታውቂው የሚለቅበት ሰከንድ አለ፣ እሱ ቁጥርሽ ነው። የኔ መጀመሪያ 3 ነበር። ከዚያ ያንኑ ያህል እየያዝሽ፣ በየመሀሉ ቢያንስ ያንኑ ያህል እያረፍሽ ስንት ጊዜ መድገም እንደምትችዪ እዪ። 5 ጊዜ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፍጥነት ሳቢ ልቀቂ፣ ሳቢ ልቀቂ እያልሽ ስንት ጊዜ በትክክል እንደምትሠሪ ቁጠሪ።

እንግዲህ የኔ የመጀመሪያ ሳምንት ይህ ነበር፦ 3 ሰከንድ መያዝ፣ 6 ሰከንድ ማረፍ፣ 5 ጊዜ። ከዚያ 5 ፈጣን። በቀን ሦስት ጊዜ። አንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በየሳምንቱ ከቻልሽ አንድ ሰከንድ ወይም አንድ ድግግሞሽ ጨምሪ። የምትሄጂው ወደ 10 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ፣ ከዚያም 10 ፈጣን ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ቢያንስ 8 መሳብ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ይላል፣ በባለሙያ ክትትል። ቀስ ብለሽ እዚያ ድረሺ።

ስትስቢ ትንፋሽ አውጪ። መልቀቂያውን አትሽቀዳደሚው። ግማሽ ለቅቀሽ እንደገና ከሳብሽ ጡንቻው ይዝላል፣ አንዳንዴም ያምሻል። ሲደክምሽ ደግሞ መቀመጫውና ሆዱ "ላግዝሽ" ብለው ይገባሉ፣ ያኔ የዛሬው አብቅቷል። 6 ትክክለኛ ከ20 የተበላሸ ይሻላል።

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ተኝተሽ ሥሪ። ቀጥሎ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ እግርሽ መሬት ረግጦ። ከዚያ ቆመሽ። መቆም ይከብዳል፣ የሆድ ዕቃው ክብደት ከላይ ስለሚጫን፣ ቁጥርሽ ቢወርድ አትደንግጪ። በሦስተኛው ወር ቁጭ ብድግ እያልሽ፣ ደረጃ እየወጣሽ፣ ትንሽ ዕቃ ይዘሽ ሥሪው። ሽንት የሚያመልጠን ተኝተን አይደለም፣ ስለዚህ ተኝቶ ብቻ መሥራት አያደርስም።

መርሳት ነው ትልቁ ጠላት። የስልክ ደወል ለኔ አልሠራልኝም፣ እያጠፋሁ እተኛለሁ። የሠራልኝ ከነበረ ልማድ ጋር ማያያዝ ነው፦ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ፣ ከሰዓት ቡና እስኪፈላ፣ ማታ ጥርሴን ፍቄ ስተኛ። የምትጸልዪ ከሆንሽ ከጸሎት በፊት አድርጊው። ታክሲ ሰልፍ ላይም ይሠራል፣ ማንም አያውቅም።

መጀመሪያ ሳቢ፣ ከዚያ ይምጣ

ከሁሉም ቶሎ ለውጥ ያየሁበት ይህ ነው። ጡንቻው ጠንካራ ቢሆንም ዘግይቶ ከያዘ ሽንቱ ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ ሳሉ ከመምጣቱ በፊት ሳቢ፣ ይዘሽ አስዪ፣ ከዚያ ልቀቂ። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ይህን ብልሃት አንድ ሳምንት ብቻ የተለማመዱ ሴቶች ሲያስሉ የሚያመልጣቸው በጣም እንደቀነሰ አሳይቷል። አንድ ሳምንት ጡንቻ አያፈረጥምም፣ ጊዜውን ማወቁ ነው የረዳቸው።

እንዲህ ተለማመጂው። ወንበር ላይ ተቀመጪ። ሳቢ፣ ቀለል አድርገሽ "እህ" በይ፣ ልቀቂ። አምስት ጊዜ። ደህና ከሆነ ጠንከር ያለ ሳል። ከዚያ ቆመሽ። ከዚያ ወደ ኑሮሽ አስገቢው። ወጥ ስትሠሪ ቁሌቱ ላይ በርበሬ ልትጨምሪ ነው? ማንኪያውን ከማንሳትሽ በፊት ሳቢ፣ ሳሉ እንደሆነ መምጣቱ አይቀርም። ሊያስነጥስሽ አፍንጫሽን ሲያሳክክሽ ሳቢ። ልጅ ልታነሺ ስታጎነብሺ ሳቢ፣ ስትነሺ ትንፋሽ አውጪ። ከመኪና ስትወርጂ፣ ከስግደት ስትነሺ፣ ምንጣፍ ጠቅልለሽ ስትሸከሚ፣ ሁሌም መጀመሪያ ሳቢ።

ሸክም ላይ ግን እውነቱን እንነጋገር። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። አራስ ከሆንሽ ወይም ጡንቻሽ ገና 3 ሰከንድ ላይ ከሆነ ይህን ጀርባሽ ላይ ማዘል የለብሽም። ሰው ካለሽ አሸክሚ፣ ከሌለሽ በ5 ሊትርና በ10 ሊትር ከፋፍለሽ ተመላለሺ። ባሎች ይህን ካነበባችሁ፣ ጀሪካኑን አንሱ።

ሲያጣድፍሽ

ባንዴ ሲመጣ የሁላችንም ስሜት መሮጥ ነው። አትሩጪ። ስትሮጪ ሆድሽ ይጫናል፣ ልብሽ ይመታል፣ ፊኛውም አብሮ ይደነግጣል። ቁሚ። ወንበር ካለ ተቀመጪ፣ ጠርዙ ብልትሽን ደገፍ ቢያደርገው ጥሩ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ፈጥነሽ ሳቢ ልቀቂ። ጡንቻው ሲጠብቅ ፊኛው እንዲረጋ መልእክት ይደርሰዋል። ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ ማድረግም የሚረዳት አለች። ሐሳብሽን ሌላ ነገር ላይ አድርጊ፣ ከ100 ወደ ታች በ7 እየቀነስሽ ቁጠሪ። ጥድፊያው እንደ ምጥ ነው፣ ይመጣል፣ ይበረታል፣ ይሄዳል። ሲሄድ ቀስ ብለሽ ተራመጂ።

ከዚህ ጋር ፊኛሽን አስለምጂው። ደብተርሽ በየ1 ሰዓቱ እንደምትሸኚ ካሳየ ይህን ሳምንት በየ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ አድርጊው። ከተሳካልሽ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ 15 ጨምሪ። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት እስክትደርሺ። ቢያንስ 6 ሳምንት ስጪው። ይህ የቀን ብቻ ነው፣ ሌሊት ራስሽን አትቅጪ።

"ምናልባት ከያዘኝ" ብለሽ ከቤት በወጣሽ ቁጥር መሽናቱንም ቀንሺው። ረጅም መንገድ ከሆነ ይገባኛል። ሱቅ ለመሄድ ግን አያስፈልግም። ፊኛው በትንሽ መጥራትን ከዚያ ነው የሚለምደው።

ቡና፣ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት

ውኃ አታቋርጪ። እንዳያመልጣት ብላ ውኃ የምትተው ሴት አውቃለሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ሽንቱ ሲወፍር ፊኛውን ያቃጥለዋል፣ ጥድፊያውም ይብሳል፣ ሆድም ይደርቃል። በቀን ወደ 1 ሊትር ተኩል፣ 2 ሊትር ጠጪ፣ በቀስታ ተከፋፍሎ። ሌሊት የሚያስነሳሽ ከሆነ ከመኝታሽ ሁለት ሰዓት በፊት ቀንሺ። በምትጾሚበት ጊዜ ስትፈቺ ባንዴ ብዙ ከመጠጣት እየቆየሽ ጠጪ።

ቡናን ተዪ ብልሽ አትሰሚኝም፣ እኔም አልተውኩትም። ግን ካፌይን የሚያጣድፈውን ያባብሳል። አቦሉን ጠጪ፣ ቶናውንና በረካውን ለጎረቤት ተዪላቸው። ቀስ ብለሽ ቀንሺ፣ ባንዴ ካቆምሽ ራስሽን ያምሻል። ሻይና ኮካም ካፌይን አላቸው።

ሕዝብ መጸዳጃ ቤት ስትገቢ መቀመጫው ያስጠላል፣ ስለዚህ ግማሽ ቆመን እንሸናለን። እንደዚያ ስንሆን ጡንቻው አይለቅም፣ ፊኛውም አያልቅለትም። ሶፍት አንጥፈሽ ተቀመጪ። መሬት ላይ የሚቀመጡበት ከሆነ ሙሉ በሙሉ ቁጢጥ በይ፣ እሱ ጥሩ ነው። አታምጪ። ሲያልቅ ወደ ፊት ጎንበስ ብለሽ ትንሽ ጠብቂ።

የሆድ ድርቀት ካለሽ ማማጡ ጡንቻውን በየቀኑ ወደ ታች ይገፋዋል፣ አንቺ ጠዋት የሠራሽውን መጸዳጃ ቤት ያፈርሰዋል። ተልባ፣ ገብስ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ውኃ፣ ትንሽ የእግር መንገድ። ወንበር መጸዳጃ ላይ ከሆንሽ እግርሽ ሥር ዱካ አድርጊ። ሳልሽ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየም ታከሚው፣ ለፊኛሽ ብቻ ሳይሆን ለሳንባሽም። ለደም ግፊት የሚያሸና ክኒን ከወሰድሽ በራስሽ አታቋርጪ፣ ሰዓቱን መቀየር ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። ውፍረት ካለም ትንሽ ኪሎ መቀነስ ያመልጥ የነበረውን ይቀንሰዋል።

አራስ ከሆንሽ

ክርስትና እስኪደርስ መጠበቅ የለብሽም። ሽንት የሚያወጣ ቱቦ ተደርጎልሽ ከነበረ እሱ ከወጣና ካላመመሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለል አድርገሽ ተኝተሽ መጀመር ትችያለሽ። መጀመሪያ ምንም ላይሰማሽ ይችላል፣ ተሰፍተሽ ከሆነም ይደነዝዛል፣ ቀስ ይላል። ሆድሽን በመቀነት ማሰር ድጋፍ ሲሰጥሽ ጥሩ ነው። ትንፋሽ እስኪያጥርሽ ግን አይጥበቅ፣ ከላይ ሲታሰር ግፊቱ ወደ ታች ነው የሚሄደው። እርጉዝ ከሆንሽም ሥሪው፣ አስቀድሞ መጀመር ይረዳል።

ባለሙያ ጋ ስትሄጂ

ሆስፒታል ወይም የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ስትደውዪ በቀጥታ ጠይቂ፦ "ለሴቶች የሽንት ማምለጥና ለዳሌ ወለል ጡንቻ የሚያሠራ ባለሙያ አላችሁ? ሴት ናት?" ብዙው ቦታ የወገብና የጉልበት ሕክምና ላይ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ሳትጠይቂ አትሂጂ። ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ።

መጀመሪያ ትጠይቅሻለች። ከዚያ ከፈቀድሽ ጓንት አድርጋ በጣት ትመረምርሻለች፣ ጡንቻውንም ከ0 እስከ 5 ነጥብ ትሰጠዋለች። አልፈልግም ማለት መብትሽ ነው፣ ከውጭ ዓይቶ መሥራትም ይቻላል። የተገረዝሽ ከሆንሽ ቀድመሽ ንገሪያት። በ2016 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶቻችን 65 በመቶው መገረዛቸውን አሳይቷል፣ ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም። ጠባሳው ሊያም ይችላል፣ ካወቀች ተጠንቅቃ ትይዝሻለች። ጡንቻው ጭራሽ ለማይሰማት ሴት በመሣሪያ እያሳዩ ማሠራት ወይም ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት አለ። ለሁሉም አያስፈልግም።

አሜሪካ ያለሽ ከሆነ ሐኪምሽን የዳሌ ወለል ፊዚካል ቴራፒ ላኪኝ በያት፣ የአማርኛ አስተርጓሚም ጠይቂ፣ ሆስፒታሎቹ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ። ልጅ ፊት ይህን መናገር ስለሚከብድሽ ግማሹን ትደብቂያለሽ። ፈረንሳይ ያለሽ ደግሞ ከወሊድ በኋላ ይህ ሥልጠና በሐኪም ወይም በአዋላጅ ይታዘዛል፣ ወጪውን የማኅበራዊ ዋስትናው ይሸፍነዋል። ጠይቂ እንጂ አትለፊው።

እስኪሻልሽ ሞዴስ ትጠቀሚያለሽ፣ ምንም አይደለም። ቶሎ ቶሎ ቀይሪው። ከውጭ በውኃ ታጠቢ፣ ወደ ውስጥ ሳሙናም ሽቶም አታስገቢ።

በ12ኛው ሳምንት

አራተኛው፣ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ትንሽ ነገር ታያለሽ፦ ቁጥሩ ይጨምራል፣ የሞዴሱ ቁጥር ይቀንሳል። መሀል ላይ ደግሞ መጥፎ ሳምንት ይመጣል። ጉንፋን ሲይዝሽ ወይም የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል ያመልጥሻል። እኔ ሰባተኛው ሳምንት ላይ ጉንፋን ይዞኝ አልቅሼ ልተው ነበር። ባለሙያዋ "ደብተሩን ገልብጪ" አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን ላይ 6 ጊዜ አምልጦኝ ነበር፣ በዚያ ጉንፋን መሀል 2 ጊዜ።

12 ሳምንት ሲሞላ ያንኑ የሦስት ቀን ደብተር እንደገና ሙዪ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ከቀነሰ ግን ካልጠፋ እስከ ስድስት ወር ቀጥዪ። በትክክል መሥራትሽ በባለሙያ ተረጋግጦ፣ ሦስት ወር ሳታቋርጪ ሠርተሽ ምንም ካልተለወጠ የማህፀን ወይም የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ይይሽ። ለሚያጣድፈው መድኃኒት አለ፣ በጫና ለሚያመልጠው ብልት ውስጥ ገብቶ ከውስጥ የሚደግፍ ቀለበትና ቀዶ ሕክምና አለ። ደብተሩን ይዘሽ ግቢ፣ ከዚያ ማንም "ያለ ነገር ነው" ብሎ አይመልስሽም።

ከጠፋልሽ ደግሞ በቀን አንድ ዙር ይበቃል፣ አትተዪው ብቻ። እኔ የቀረችኝ አንዷ ዙር የቡናዋ ናት። ጀበናው እስኪፈላ 10 መሳብና 10 ፈጣን ሠርቼ እጨርሳለሁ። ባለፈው ፋሲካ ነጭ ቀሚስ ለበስኩ።